ያዘነበለው ጠረጴዛ

እስክሪብቶው ተንከባሎ መሬት ሲወድቅ ቴክኒሻኑ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ደግሞ በዚያው በኩል ተንከባለለ።

የድሮውን ባለ አረፋ ውሃ ልክ አምጥቶ አጋደመ፤ ዞር አድርጎም አየው። አረፋው ሁለቱንም ጊዜ ወደ መስኮቱ ሸሸ።

ትናንት ፊኛው የሚሸከመውን የማሰራጫ ሳጥን ያስተካከለው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለ ቁጥሩን የማዘንበል መለኪያ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ዜሮ አደረገው፤ እንጨት ሥራ ቤት ሳለ የለመደው ነው፣ እዚያ ሥራው ከጠረጴዛው ጋር ከተስማማ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ጠረጴዛው ካዘነበለ ሳጥኑም አብሮ ተሳስቶ ተለክቷል። አሁን ፊኛው ከደመና በላይ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ከዓለም መጀመሪያ የተረፈውን ደካማ ብርሃን ይለካል፤ ብርሃኑ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚነዝር ለማወቅ ግን ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። ማነጻጸሪያው ፊኛው የተሸከመው ትንሽ ማሰራጫ ነው፤ የማሰራጫውን አቅጣጫ የሚናገረው ደግሞ ቴክኒሻኑ ለክቶ የፈረመበት ቁጥር። ጥናቱን የምትመራዋ ዶክተር የአራት ዓመት ልፋት በዚያ ቁጥር ሊታረም ነው።

በሩ ተበረገደ። ሾፌሩ፣ የእህቱ ባል፣ ጥበቃውን አስከትሎ ገባ።

"በል አንድ ጫፍ ያዝ። ለደስታው ምሳ ጠረጴዛ ጎድሎናል።"

"ሌላ ፈልጉ፣ ጋሼ።"

"ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ፊኛው እኮ እንደ ሙሽራ እየተምነሸነሸ ነው የወጣው። ዶክተሯ ስትስቅ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከምሳ በኋላ ውልህን ልታድስልህ ነው። አፌን ሞልቼ 'እጁ አይስትም' ብዬ ያስገባሁህ እኔ ነኝ፤ አታሳፍረኝ።"

ጥበቃው አንዱን ጫፍ ጨበጠ። ጠረጴዛው ከተነሳ ምን ያህል አዘንብሎ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። ካልተነሳ ማዘንበሉ ተለክቶ ቁጥሩ ይታረማል። ያኔ ግን ለምን እንደሚለካ መናገር ሊኖርበት ነው።

"አንድ፣ ሁለት..." አለ ጥበቃው።

"ልቀቀው።" ቴክኒሻኑ ጠረጴዛውን ሊደገፍ ብሎ እጁን ሰበሰበ። "እግሩ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል።"

"ለጠረጴዛ ነው እንዲህ መቆጣት?"

"ትናንት ተሳስቻለሁ ጋሼ። የስህተቴ ልክ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።"

ሾፌሩ ጥበቃውን "እስቲ ውጭ ጠብቀኝ" ብሎ አስወጣና በሩን ዘጋ።

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

"ታዲያስ?"

ቴክኒሻኑ ተንበርክኮ በአራቱም እግሮች ዙሪያ በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ዶክተር፣ ምሳው ሳይጀመር እዚህ ብቅ ይበሉ። የሚለካ ሌላ ሰው ይዘው ይምጡ፤ እኔ አልነካውም።"