በሩ ላይ የቆመው ቡድን

ከአምስተኛው ጨዋታ በኋላ ነገሩ የነበረው እንዲህ ነው። ቡድኑ አምስት ተጫውቶ በአምስቱም ተሸንፏል። ሠላሳ አንድ ጎል ገብቶበታል። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አራቱ የተቆጠሩት ተጫዋች ሲቀየር፣ የተጠባባቂዎቹ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ሉቅማን አሥራ አራቱንም ከስልክ ቪዲዮ ላይ ወደ ኋላ እየመለሰ አይቷቸዋል። በሁሉም ላይ የሚያየው ያንኑ ነው፦ ፓክ የሚሏት ጥቁር ጎማ ወደ ግባቸው ስትንሸራተት፣ የራስ ቁር የደፉ ትልልቅ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይግደረደራሉ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«አንተ ቅደም እንጂ፣ በሞቴ!»

የበረዶ ሆኪ እንዲህ ያለውን ጨዋነት የሚችል ጨዋታ አይደለም። ሰው ሲቀየር ጨዋታው አይቆምም። በረዶው ላይ ያሉት አምስቱ አንድ ደቂቃ ሳይሞላቸው ትንፋሻቸው ያልቅና በጠባቧ በር ይገባሉ፤ ተተኪዎቹ አምስት በዚያችው በር ይወጣሉ። የዘገየ ጎል ይገባበታል። የቸኮለና ከቁጥር በላይ ሰው ያስገባ ደግሞ ይቀጣና ሁለት ደቂቃ በጎደሎ ይጫወታል። ሙያተኞቹ በሩን ትተው በአጥሩ ላይ ዘለው ነው የሚወጡት።

ሉቅማንም አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ሲዘል ኖሯል። ደሴ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ገባ። እዚያ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክረምቱን በረዶ ላይ ስለሚውል እሱም በረዶ ላይ ዋለ፤ ተከላካይ ወጣው። ትልቁ ሊግ ግን አልደረሰም። በአሜሪካ ደቡብ ከተሞች፣ በአውቶቡስ እየተጓዙ በሚጫወቱባቸው ታናናሽ ሊጎች ደመወዝተኛ ሆኖ ሁለቱንም ጉልበቶቹን ጨረሰ። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ካለፈ በኋላ የሚስቱ የሳሚያ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ አትላንታ መጥቶ ፓይን ሌክ ቤት ተከራየ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አሰልጣኝ መሆን። ያመለከተባቸው ክለቦች ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ «የትኛውን ቡድን መርተሃል?»

አንዱንም አልመራም። ስለዚህ ቡድን ፈጠረ። በሮዝዌል በኩል ያለው የበረዶ ሜዳ ለጀማሪ አዋቂዎች የእሑድ ውድድር ነበረው። መጀመሪያ የተመዘገቡት አቶ ገብረሕይወት ናቸው፤ የሁለት ትራክ ባለቤት፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ለስኳራቸው ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያላቸው። እሳቸው ከገቡ ማን ይቀራል? አሥራ ሦስት ሾፌርና ነጋዴ ተከትሏቸው መጣ።

ሉቅማን ያላሰበው፣ ክብራቸውም አብሮ መምጣቱን ነው። ጋሼ ገብረሕይወት ደክሟቸው ከበረዶው ሲመለሱ ተጠባባቂው ሁሉ ብድግ ይላል።

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!»

መውጣት ያለባቸው አምስቱ ቆመው ሲያሳልፏቸው፣ ከኋላቸው ፓኳ መረብ ውስጥ ናት።

ያልሞከረው የለም። «ታናሽ ይቅደም» ብሎ ደነገገ። የቡድኑ ታናሽ ናሆም ነው፤ አትላንታ ያደገ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሉቅማንን እንኳ አንቱ የማይል። ናሆም ግን በሩ ላይ ሲደርስ ተገተረ።

«ኮች፣ ላይክ፣ ጋሼን ገፍቼ ልለፍ? አባቴ ቢያይ ይገድለኛል።»

«ታላቅ ይቅደም» አለ። ጋሼ ገብረሕይወት መቅደምን እንደ ስስት ስለሚቆጥሩት በሩን ይዘው ሌላውን ሁሉ ካላሳለፍኩ ይላሉ። በአጥሩ ዝለሉ አለ። የወሎው ሸፊቅ፣ የኤርፖርት ሾፌሩ፣ በደረቱ ወርዶ ሁለት ሳምንት እየሳቀ ጎኑን ያዘ። በመጨረሻ ቅጣት አመጣ፤ ያዘገየ ቡድኑን ምሳ ይጋብዛል። የዚያን እሑድ ሁሉም አዘገየ። መኪና ማቆሚያው ላይ «ዛሬ የኔ ተራ ነው!» «ወላሂ አይሆንም፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት!» ተባብለው ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። ሉቅማን መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ብቻውን ጮኸ።

በዚያው ሰሞን ሚካኤላ ደወለች። የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ የሙያተኞች ክለብ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ረዳት አሰልጣኝ ትፈልጋለች። «ስምንተኛውን ጨዋታችሁን መጥቼ አያለሁ» አለችው። «ብትሸነፉ ግድ የለኝም። ማየት የምፈልገው ሰው ስትቀያይር ነው።»

ሉቅማን ስልኩን ዘጋ። ከሁሉ ነገር መርጣ፣ ያንን!

ስድስተኛውንም ተሸነፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጋሼ ገብረሕይወት ልጅ ሉሊት በነርስነት ተመርቃ፣ ዲኬተር ባለው ቤታቸው ድግስ ነበር። ሉቅማን ሳሕኑን ይዞ ከመግቢያው አጠገብ ቆሟል። ውጭ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ስድስት ሰባት መኪና በአንድ ጊዜ ደረሰና ሃያ የሚሆን ሰው በረንዳው ላይ ተከማቸ፤ ግማሹ የሱ ተጫዋቾች ናቸው። አሁን ሊጀምሩ ነው ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ይሄኔ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ኤልፍነሽ በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው ብቅ አሉ።

«ግቡ! ግቡ በሉ! ይሄ ሁሉ ኤሲ ለሰፈሩ ነው እንዴ የሚነፋው? አንተ ሸፊቅ፣ ምን ይገትርሃል? እለፍ!»

ሃያው ሰው በአንድ ትንፋሽ ገባ። አንድም «ይቅደሙ» አልተሰማ።

ሉቅማን ሳሕኑን አስቀመጠ። እንግዳ ለእንግዳ ይግደረደራል፤ ባለቤቲቱ «ግቡ» ካሉ በኋላ መግደርደር ግን ነውር ነው። የሱ በር ባለቤት አልነበረውም። እሱ ራሱ እንዳይሆን፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ለአብዛኞቹ ታናሽ ወንድም።

በሰባተኛው ጨዋታ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሻሻቸውን ጠቅልለው፣ ወፍራም ጃኬት ደርበው፣ ብርዱን እየተራገሙ በሩ ላይ ቆሙ። «ግቡ! ውጡ! ጋሼ ብሎ ነገር የለም፣ ገብሬ፣ ቶሎ ተቀመጥ!» በሩ ክፍት ሳለ የገባው ጎል አንድ ብቻ ሆነ። ሸፊቅ «በዓለም ላይ ሁለት በረኛ ያለን እኛ ብቻ ነን» አለ።

ሚካኤላ የመጣች ዕለት ግን ሉቅማን አፈረ። ከሜዳው ማዶ፣ የክለቧን ጃኬት ለብሳ፣ ክንዷን አጣምራ ተቀምጣለች። እሱ ክራቫት አድርጓል። ከጎኑ ሻሽ ያሰሩ እናት በር ይዘው ሲጮኹ ታየው።

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ። ዛሬ እላይ ቁጭ ብለው ይዩልን።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እንግዳ በሚመጣበት ቀን ነው በር ላይ ሰው የማይኖረው? ይሁን።» ብርድ ልብሳቸውን አንስተው ወደ ተመልካቹ ወንበር ወጡ።

በሩን ራሱ ያዘ። «ቀይሩ!» አለ። ጋሼ ገብረሕይወት እያለከለኩ መጡ። ተጠባባቂው ብድግ አለ።

«ኖር!»

«ውጡ!» አለ ሉቅማን። «ኖሩን ተዉትና ውጡ!»

«ኮች፣ ጋሼ ሳይገቡ እንዴት ብለን እንወጣለን?» አለ ሸፊቅ። «የት አገር ነው ያደግከው?»

«ሸፊቅ፣ ውጣ ነው የምልህ!»

«ሉቅማን፣ ልጄ፣ አትቆጣ» አሉ ጋሼ ገብረሕይወት፣ አንድ እግራቸው በረዶው ላይ አንድ እግራቸው ደፉ ላይ ሆኖ። «ደም ግፊት ነው የሚያተርፍልህ። ውጡ እናንተ፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

«ኧረ ተይዘው ይግቡ!» ሸፊቅና ናሆም ክንዳቸውን ሊደግፉ በረዶው ላይ ወረዱ። አምስት መሆን የሚገባቸው ሰባት ሆኑ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። በቅጣቱ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ጎል ገባ፤ ከቅጣቱ ሲመለሱ በሩ ላይ እንደገና ተገናኙና ሁለተኛው ገባ። ሉቅማን ክራቫቱን ፈታ። አሥራ አንድ ዓመት አጥንቱ ሲሰበር ያልወጣው እንባ ዓይኑ ውስጥ ሞላ፤ የንዴት እንባ ነው። ማዶ ሚካኤላ ሰዓቷን አየች።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

«እትዬ ኤልፍነሽ።»

«አቤት። እንግዳህ ሄደች እንዴ?»

«አልሄደችም።»

«እንግዲያው ምን ፈለግህ?»

«አጥፍቻለሁ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ በሩን ይያዙልኝ።»

ብርድ ልብሱን ለማጠፍ ጊዜ ወሰዱ፤ ሆን ብለው ነው። ከዚያ ወረዱ። እሱ ስም ይጠራል፣ እሳቸው ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። «ግባ! ውጣ! አንተ ልጅ፣ ኖር ብለህ ብትነሳ እግርህን ነው የምሰብረው!» በቀሩት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በሩ ክፍት ሳለ አንድም ጎል አልገባም። ጨዋታውን አምስት ለሁለት ተሸነፉ።

ሚካኤላ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ጠበቀችው።

«በሩ ላይ የነበረችው ማናት?»

ረዳቴ ናት ሊል ነበር። ደከመው። «የአንዱ ተጫዋች ሚስት። እኔ ስይዘው አይሠራም፤ ለእነሱ ልጅ ነኝ። እሷ ስትል ግን ይታዘዛሉ።»

«በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለምን አልነበረችም?»

«አንቺን አፍሬ።»

ሚካኤላ አልሳቀችም። «የኔ አምበል ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። «ሲደክመው አይወጣም፤ ወጣቶቹ አጥሩ ላይ ቁጢጥ ብለው እሱን ይጠብቃሉ። ሦስት አሰልጣኝ ጮኸበት። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ሉቅማን አሰበ። «አልጮህበትም። በመጀመሪያ ማንን እንደሚሰማ አያለሁ።»

በመስከረም ወር ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሥራው ተከላካዮቹና ቅያሬው ነው። አምበሉ የሚሰማው የቡድኑን አሮጌ ወጌሻ መሆኑን በሁለተኛው ሳምንት ደረሰበትና ወጌሻውን በሩ ላይ አቆመው። የእሑዱ ቡድን ውድድሩን በአንድ ድል፣ በመጨረሻው ደረጃ ጨርሷል። የሚካኤላ ክለብ ደግሞ ባለፈው ዓመት በሰባ ሁለት ጨዋታ ከቁጥር በላይ ሰው በማስገባት አሥራ ሰባት ጊዜ ተቀጥቶ ነበር፤ በዚህኛው ዓመት፣ በዚያው በሰባ ሁለት ጨዋታ፣ አምስት ጊዜ ተቀጣ።