ጳጳስ በሌለበት አገር

የእታለም ልጅ የሞተችው በኩፍኝ ነው። በዚያ ዓመት ከቡሬ እስከ ሽንዲ ኩፍኝ ያልገባበት ቤት ስላልነበረ ማንም አልተደነቀም። ክርስትና ተነሥታ ነበርና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተቀበረች። እታለምን ያቆማት ይኸው ብቻ ነበር፤ ልጅቱ ስም አላት፣ ወለተ ሐና፣ የተኛችውም ከክርስቲያን ጋር ነው።

ክርስትና ያነሣት ቄስ ደረሰ ነው። ደረሰን ለቅስና የላከው ደግሞ አገሩ ራሱ። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ ጣሊያን አንዱን ቄስ ቡሬ ላይ ከሰቀለ ወዲህ የቀሩት አባ ገብረሰንበት ብቻቸውን ስለሆኑ ታቦቱ ያለ ቅዳሴ ከረመ። ዲያቆኑን ደረሰን ቄስ የሚያደርገው የጳጳስ እጅ ነው፤ ደብረ ማርቆስ መጣ የተባለው ጳጳስ ግን ጣሊያን ያስሾመው ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ሲያመነቱ አባ ገብረሰንበት፣ «እጁ የጳጳስ እጅ ነው፤ ወንበሩን ማን አመጣለት ብለን ምን አገባን?» አሉ። ደረሰ ስንቁን ይዞ ሄደ፤ ቄስ ሆኖ ሲመለስ በእልልታ ተቀበሉት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከዱር የመጣ አርበኛ ወሬ አመጣ። የግብጽ ሲኖዶስ ያን ጳጳስ አውግዞታል፤ የሾማቸውም ሹመታቸው ከንቱ ነው። ደረሰ ጥምጥሙን ፈትቶ እርሻው ገባ። «በሬዎቼ ማን ሾመህ ብለው አይጠይቁኝም» ይል ነበር። የሳቀለት የለም።

አንድ ሰንበት ጎረቤቷ ዓባይነሽ ሮጣ መጣች።

«እታለም፣ ሰማሽ? ሽማግሌዎቹ ስለ ልጅሽ ሲመክሩ ዋሉ።»

«ልጄ ደግሞ ምን አደረገች?»

«ክርስትናዋ አልጸናም አሉ። በሕይወት ያሉት ይደገማቸዋል፤ ከደረሰ እጅ ተጠምቃ የሞተች የአንቺዋ ብቻ ናት። ያልተጠመቀ ቅጥር ውስጥ አይተኛምና ነገ ያወጧታል።»

ባሏ ቢሆነኝ ከአርበኞች ጋር ዱር ነበር። በማግስቱ እታለም ሄዳ መቃብሩ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ የላኩት ክንዱ ከሁለት ሰዎች ጋር መቆፈሪያ ይዞ መጣ፤ አባ ገብረሰንበትም መስቀላቸውን ይዘው ተከተሉ።

«ተነሽ ልጄ፤ ሕግ ነው» አሉ።

«ሕጉን ይንገሩኝና እነሣለሁ።»

«የተወገዘ ያጠመቀው እንዳልተጠመቀ ነው።»

«ልጄ የቆረበች ለት ደረሰ ብቻውን ነው የቀደሰ?»

አባ ገብረሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞረው አዩ።

«አንቱ አይደሉም አብረውት የቆሙ? ከተወገዘ ጋር የቀደሰስ ምን ይባላል? ከጀመሩት አይቀር ይጨርሱልኝ እንጂ።»

«ይች ሴት ፍትሐ ነገሥት ውጣ ነው እንዴ ያደረች?» አለ ክንዱ።

እታለም የፈለገችው እንዲያፍሩና እንዲተዉአት ነው። አባ ገብረሰንበት ግን አላፈሩም። መስቀላቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ከተወገዘ ጋር የቀደሰ እሱም የተወገዘ ነው። እኔም በግዝት ተይዣለሁ። መቆፈሪያችሁን ይዛችሁ ግቡ።»

«አባ፣ እንግዲህ ማን ይቀድስልናል?» ክንዱ ደነገጠ።

«እኔን የሚፈታኝ ጳጳስ ነው። የታመነውን ጣሊያን ገደለው፣ ሌላው ግብጽ ነው፣ እዚህ ያለው ይኸው የተወገዘው ነው። ማንም አይቀድስም።»

የቤተ ክርስቲያኑን በር ቆልፈው ሄዱ። ወለተ ሐና ከወይራው ሥር ቀረች።

ከዚያ ወዲያ የተወለደ ሳይጠመቅ፣ የሞተ ሳይፈታ ከረመ። እታለም ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር። «ታቦት ያስዘጋች» ይሏታል፣ እንድትሰማ ጮክ ብለው።

ክረምት እንደገባ ቢሆነኝን ከደምበጫ መንገድ በቃሬዛ አመጡት። ጓደኞቹ ሬሳውን ከቅጥሩ በር አሳረፉ። እታለም አባ ገብረሰንበት ቤት ሄደች፤ ጓሮ እንጨት ይፈልጣሉ።

«አባ፣ ቢሆነኝ ሞተ። ፍትሐት ያድርጉለት።»

«ከእኔ አፍ የወጣ ጸሎት አይደርስም፤ ልጄ። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«ያን ያልኩት ልጄን ላድን ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ቃሉ ግን እውነት ነበር።» መጥረቢያውን አነሡ።

መቃብሩን የቆፈረው ደረሰ ነው፤ ሳይጠሩት መጣ። ከወለተ ሐና ጎን ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ። ሬሳው ሲወርድ ዜማው ሊገባበት የሚገባው ቦታ ባዶውን ነበር። አባ ገብረሰንበት ከቅጥሩ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይታያሉ።

ያኔ የደረሰ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ፣ በግእዝ፣ ፍትሐቱን ጀመረ። አርበኞቹ ቆባቸውን አወለቁ። ዓባይነሽ አለቀሰች።

እታለም የደረሰን ክንድ ያዘች።

«ይተዉት፣ ቄስ ደረሰ።»

«እንደ ውሻ ይቀበር?»

«ነገ እውነተኛ ጳጳስ መጥቶ ማን ፍትሐቱን ደገመለት ያለ እንደሁ ቆፍረው ያወጡታል። መቆፈሪያ ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ። ባዶውን ይተኛ።»

ደረሰ አፉን ገጥሞ አፈሩን መመለስ ጀመረ።