የማትረግፈው ጽጌረዳ

ፎቶግራፍ አንሺዋ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት፦ ፎቶ የምታነሣው አበባ ማስቀመጫው ውስጥ ከገባ በኋላ የሰው እጅ አይነካውም። ውኃው አይቀየርም፤ የረገፈው አይለቀምም፤ እርሷም ራሷ በሩ አጠገብ ከተተከለው ካሜራ ወዲያ አታልፍም። በየማለዳው አንድ ጊዜ አንሥታ በሩን ዘግታ ትወጣለች። ፊልሙንም የምታጥበው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። የአንድ እቅፍ ጽጌረዳን ዕድሜ፣ ከሙሉ ፍካቱ እስከ ባዶ ግንዱ፣ እንዲሁ ልታሳይ አስባለች። የሥዕል አዳራሹ ባለቤት ሐሳቡን ወድዶ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሊሰጣት ተስማማ፤ በመካከሉ አንዲት የተተካች አበባ ካገኘ ግን ሁሉንም እንደሚያወርድ አስጠነቀቃት። እስከዚያ ድረስ የሠርግና የልደት ፎቶ ከማንሣት ሌላ ዕድል ገጥሟት አያውቅም።

ችግሩ፣ አበቦቹ አልሞት አሉ።

ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ውኃውም ሸቷል። ከጽጌረዳዎቹ ጥቂቶቹ ግን ዛሬ እንደ ተቀጠፉ ሁሉ ቀጥ ብለው ያይዋታል። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ውሎ አድሮ ግን ነገሩ አላማራትም።

ጥርጣሬዋ ያረፈው ባሏ ላይ ነበር። ባሏ ሥራዋን ካላፌዘባት አያነሣውም፤ «አበባ ሲሞት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ለቀስተኛ ካንቺ ሌላ አላየሁም» ይላታል። በቅርቡም ጥሩ የሠርግ ሥራ እምቢ ብላበት አኩርፎ ነበር። ማታ ሲገባ የኮቱን ኪስ አሸተተች። ስለ አበባ ሻጮች ወሬ ጀምራ ፊቱን አጠናች። እርሱ ከምኑም የሌለበት ሰው መስሎ ጋዜጣውን ገለጠ። ይህም ራሱ አስጠረጠራት።

አንድ ቀን ከመተኛቷ በፊት ካሜራው አጠገብ ቆማ፣ ወደ አበቦቹ በሚወስደው ወለል ላይ ስስ ዱቄት ነሰነሰች። ጠዋት በዱቄቱ ላይ የቤት ጫማ ዱካ አገኘች፤ ከባሏ እግር ግማሹን የማያህል፣ አንደኛው ጎተት ጎተት ያለ።

አማቷ!

አማቷ ለቴአትር ቤት የመድረክ ጌጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ክፍላቸው ውስጥ ሲሰፉ ይውላሉ። «እናትና ልጅ መክረውብኛል» አለች በልቧ። ሕጓን ሽራ ካሜራውን አለፈችና አንዷን ጽጌረዳ ነካቻት። ሐር ነበረች።

ፊልሙን አጥባ ፎቶዎቹን በተርታ ደረደረቻቸው፤ በማጉያ መነጽርም መረመረቻቸው። የመጀመሪያዋ የሐር ጽጌረዳ ከእውነተኞቹ አትለይም። ቀጥላ የመጣችው ጠርዟ ተዛብቷል። የኋለኛዋ ላይማ የሙጫው ጠብታ ደርቆ ይታያል፤ ክሩም ተንዘላዝሏል። ቁጣዋ እንዳለ ነበር፤ ሌላ ጥርጣሬ ግን ከሥሩ ብቅ አለ።

ሁለት ፎቶዎች ይዛ ወደ አማቷ ክፍል ገባች። አማቷ መቀሱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሐር ይቆርጡ ነበር። ሲጠየቁ አልካዱም። በየማለዳው በግድግዳው በኩል «ይቺም ልትረግፍ ነው» ስትል ይሰሟታል፤ የምታዝን መስሏቸዋል። መድረክ ላይ አበባ ከጠወለገ የሚወቀሱት እርሳቸው ነበሩና፣ ምራታቸውን ከወቀሳ ሊያድኑ የቻሉትን አደረጉ። ደግሞ ሳትነቃባቸው በመቆየቷ ትንሽ ኩራት ቢጤ ይታይባቸዋል።

የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ጽጌረዳ ፎቶ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«ከሁለቱ የትኛዋ ታምራለች፣ እማዬ?»

አሮጊቷ ፎቶዎቹን ወደ መስኮቱ አዘነበሏቸው፤ አስጠጉ፣ አራቁ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ በመጨረሻ።

«ዓይንዎ እንዲህ ከሆነ ቆየ?»

አሮጊቷ መቀሱን ቀስ ብለው ከቀሚሳቸው እጥፋት ሥር ሸጎጡት።

«ለልጄ እንዳትነግሪብኝ፤ መቀሴን ይነጥቀኛል።»

ለአዳራሹ ባለቤት ደውላ አበቦቹ መተካታቸውን ነገረችው። ማን እንደ ተካቸው አጥብቆ ጠየቃት። ዓይናቸው የደከመ አንዲት ባለሙያ ናቸው ብትለው፣ በተርታ የቆሙት ፎቶዎች የአበባን ሳይሆን የዓይንን መጠውለግ እንደሚያሳዩ ባስረዳችው ነበር፤ ምናልባት ግድግዳውም ይተርፍላት ነበር። አልተናገረችም። እርሱም ግድግዳውን ለሌላ ሰው ሰጠው።

በራት ሰዓት ሁለቱ ሴቶች ስለ ዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይንሾካሾኩ ነበር። ባሏ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ በየተራ አያቸው።

«ምንድን ነው የምትዶልቱት?»

«ስለ አበባ ነው» አሉት እናቱ። እርሱ ግን አላመናቸውም፤ ጋዜጣውን አጥፎ ወንበሩን አስጠጋ።