በአስፋልት ላይ የሄደች ጀልባ

ነጂብ የአጎቱን ልጅ ሉጥፊያን ሊወስዳት ከዴም ሰፈር እስከ አል-ጣኢፍ ሰፈር በእግሩ መጣ። የዒድ ሰሞን ነበር፤ ጦርነቱ ከተማውን ይዞታል፣ ተኩሱ ግን ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይበርድ ነበር። ሻምበል የሚባለውና ሌሎች ሁለት የቀን ሥራ ጓደኞቹ አብረውት መጥተዋል።

"ያላ፣ ዕቃሽን ያዢ" አላት በሩ ላይ እንደቆመ።

"ሐጃን ትቼ የትም አልሄድም" አለች ሉጥፊያ።

ሐጃ ዛሂራ አሠሪዋ ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፃቸው አልተሰማም። የሐጃ ጉልበት አይታዘዝም። መኪና የለም፣ ድልድዩ ተዘግቷል፣ በሶባ በኩል የሚያስወጣው መንገድም በእግር ለጤነኛ እንኳ ከባድ ነው። ከወንዙ ማዶ ግን የወንድማቸው ቤት አለ። እዚያ ከደረሱ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ መኪና አይጠፋም ይባላል።

"እኔ እሸከማቸዋለሁ" አለ ሻምበል።

"ወንዙንስ?" አለች ሉጥፊያ።

የነጂብ ዓይን ግቢው ጥግ፣ ሸራ የለበሰች የእንጨት ጀልባ ላይ ቀርቷል። የሐጃ ባል በሕይወት ሳሉ ዓሣ ያጠምዱባት ነበር።

"በቃ፣ ቫይኪንጉ ተነሣበት" አለ ሻምበል።

"ቫይኪንግ" ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ነጂብ ደሴ ከተማ ሁለት ዓመት ታሪክ ተምሮ አቋርጧል። ስሚንቶ ሲሸከምም ሆነ ሻይ ሲጠጣ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ እየተነሡ ዓለምን ስላሰሱት ስለ እነዚያ ሰዎች ማውራት አይሰለቸውም።

"ከወንዝ ወደ ወንዝ ጀልባቸውን በየብስ ይጎትቱ ነበር" አለ ነጂብ፣ ሸራውን እየገለጠ። "ከሥር ግንድ እያነጠፉ። ከበረዶ አገር ተነሥተው ቆዳ ሸጠው የባግዳድ የብር ሳንቲም ይዘው ይመለሳሉ። ዛሬም አገራቸው ላይ መሬት ሲቆፈር በዐረብኛ የተጻፈበት ዲርሃም ይወጣል።"

"ሰውም ይሸጡ ነበር ብለኸኛል።"

"ይሸጡ ነበር። ይዘርፉም ነበር። እሱን አላደንቅላቸውም። ወንዙ ሲያልቅባቸው ግን ጉዞው አለቀ አላሉም።"

ሻምበል አጥሩን አሻግሮ፣ አራቱም ብሎኬት የተሸከሙበትን ያላለቀ ፎቅ ተመለከተ።

"ግንድ የለም" አለ። "የግንበኛ መወጣጫው የብረት ቧንቧ ግን እዚያው አለ።"

ሉጥፊያ ሐሳባቸውን በዐረብኛ ስትነግራቸው ሐጃ ከአልጋቸው ቀና አሉ። "መጀመሪያ ውስጧን ውሃ ሙሏት" አሉ። "ደርቃ ከርማለች።"

ወንዶቹ ተያዩ። የቧንቧ ውሃ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ በቤቱ የቀረው ግማሽ በርሜል ነው። "ደክመዋል፣ ምን ያድርጉ" አለ ነጂብ በአማርኛ፣ በለሆሳስ። ውሃው ለመጠጥ ተያዘ።

ቧንቧውን አምጥተው ከጀልባዋ ሥር አነጠፉ፤ ሐጃንም ከነፍራሻቸው ውስጧ አስቀመጧቸው። የፀሐይ ጥላቸውን ራሳቸው ያዙ። አራቱ ወንዶች በገመድ ይጎትታሉ፤ ሉጥፊያ ከኋላ የቀረውን ቧንቧ እያነሣች ወደ ፊት እየሮጠች ታነጥፋለች። ቧንቧው አስፋልቱ ላይ ሲንኳኳ በየመስኮቱ መጋረጃ ይገለጣል።

"አንተ ነጂብ፣ የእነዚያ ሰዎች አሮጊቶችም እንዲህ ይሄዱ ነበር?" አሉ ሐጃ።

"አንዲት የተከበረች አሮጊት በመርከብ ውስጥ…" አለና አፉን ያዘ።

"በመርከብ ውስጥ ምን?"

"ቀበሯት፣ ሐጃ። ከነመርከቧ።"

ሐጃ ጥላው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ቀብሩ ይቆየኝ። እናንተ ጎትቱ!"

መታጠፊያው ላይ የታጠቁ ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንዱ ጠመንጃውን አነሣ። "ወዴት ነው?"

ወንዶቹ ገመዱን እንደያዙ ደረቁ። ሉጥፊያ ግን ቧንቧዋን አልጣለችም። በወጣቱ ፊት አልፋ፣ ጎንበስ ብላ በቦታው አነጠፈችው።

"ጀልባ ከወንዝ ሌላ የት ይሄዳል፣ ልጄ?" አሉ ሐጃ ከላይ።

ወጣቱ ጀልባዋን አየ፣ አሮጊቷን አየ፣ ጥላውን አየ። ሳቁ አመለጠው፤ ጠመንጃውንም ዝቅ አደረገ። ነጂብ ስለ ጥንቶቹ ተዋጊዎች ጀግንነት ብዙ አውርቷል። ያን ጊዜ ግን የሚያየው የሉጥፊያን እጅ ነበር።

ወንዙ ዳር አሸዋው ቧንቧውን ዋጠው፤ የወዳደቀ ቆርቆሮ እያነጠፉ አለፉት። ሐጃን ዛፍ ጥላ ሥር አውርደው ጀልባዋን ውሃው ላይ ገፏት። በየሳንቃው መጋጠሚያ ውሃ ይገባ ጀመር። ወዲያው እስከ ወገቧ ሞላች።

ነጂብ ተመልሶ ሐጃ ፊት ተንበረከከ። "ውሃ ሙሏት ያሉት ለዚህ ነበር?"

"አባቴ ኦምዱርማን ጀልባ ሠሪ ነበር። እንጨት ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሲጠጣ ይገጥማል። ቫይኪንጎችህ ይህን አልነገሩህም?"

"እነሱ ጀልባቸው እስኪደርቅ አይቀመጡም ነበር፣ ሐጃ።"

"በል እንግዲህ፣ ድንጋይ ጫኑባትና አስጥሟት። ትጠጣ።"

ጀልባዋ እንደሰመጠች ዋለች። ከበስተጀርባቸው የከተማው ጭስ ይወጣል፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋዩን አንሥተው አንሳፈፏት። አሁንም ታስገባለች፣ ግን በቀስታ። ሐጃንና ሉጥፊያን አሳፍረው ሦስቱ ቀዘፉ፤ ነጂብ በድስት ውሃ እየቀዳ ወደ ወንዙ ይመልሳል።

"በእነሱ መርከብ ውሃ መቅዳት ለአለቃም አያሳፍርም ነበር" አለ እያለከለከ።

"አለቃ፣ ወሬውን ትተህ ቅዳ!" አለ ሻምበል።

ማዶ ሲደርሱ ወንዶቹ አሸዋው ላይ ተዘረሩ።

"አንተ ነጂብ" አሉ ሐጃ፣ "ከደረሱ በኋላ ጀልባውን ምን ያደርጉት ነበር?"

"ጎትተው ያወጡታል፣ ሐጃ። ለመመለሻ።"

ሻምበል እያቃሰተ ተነሥቶ ገመዱን ያዘ።

"ተው፣ አታውጣት" አሉ ሐጃ። ወደ ተነሡበት ዳርቻ ይመለከቱ ነበር። "እሷን እዚያው አስጥሟት። ስመለስ ደርቃ አላግኛት።"

ድንጋዩን መልሰው ጫኑባት። ውሃው በላይዋ ሲገጥም ሉጥፊያ የገመዱን ጫፍ ወስዳ ከዛፉ ግንድ ጋር አሰረችው፤ ሳበችው፣ ደግማም አጠበቀችው። ከዚያ መጥታ ትከሻዋን ከሐጃ ብብት ሥር አስገባች።

"ያላ፣ ሐጃ" አለች።