ያልበቀለ ጥርስ

ባየች መርፌው ከመንጋጋዋ ጥግ ሲገባ አልጮኸችም። ከመስኮቱ ውጭ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍ የጭነት መኪና ጡሩንባውን ሲነፋ ሰማች። ትንሽ ቆይቶ የታችኛው ከንፈሯ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነባት። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችውና እጇን መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ደነዘዘልዎት?» አለቻት ሐኪሟ።

«የእኔም አይመስል።»

ሐኪሟ ትርሲት ትባላለች። ከደብረ ብርሃን መጥታ ወረታ ውስጥ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። ገና ሠላሳ ያልደፈነች ልጅ ናት፤ ግን የባየችን አፍ እንደከፈተች የተነቀሰውን ድዷን አይታ «እንዴት ያምራል» ስላለች፣ ባየች ለዚህ ብቻ ብላ ወዳታለች። ጥርሱ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳት የመንጋጋ ጥርስ ነው። ቁሐር ሚካኤል ቤቷ ሆና በቅርንፉድ ስታባብለው ከርማ፣ ጉንጯ ቢያብጥ፣ ወረታ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጇ ምኞት በግድ ጎትታ አመጣቻት።

ጥርሱ ሲነቀል መንቋቋቱን ሰማች እንጂ ሕመም አልተሰማትም። ትርሲት ጥጥ አስነከሰቻትና አረፍ እንድትል ከግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

ለነገሩ ጥርስ ማውጣት ለባየች እንግዳ ሙያ አይደለም። በቁሐርና በዙሪያው ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት አልይዝ ሲል «ግግ ነው፤ ለባየች አሳዩት» ይባላል። እሷም ድዱን በጣቷ ትዳስስና የክራንቻ ጥርስ በሚወጣበት ቦታ ያበጠውን ታገኛለች። ወስፌዋን እሳት አስነክታ ትጎረጉረዋለች። የሚወጣው ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከተቀቀለ ሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። መዳፏ ላይ አድርጋ ለእናትየዋ ታሳያለች፤ «ይኸው፤ ሲበላው የነበረው ይኼ ነው» ትላለች። ልጁ ቢንፈራፈር፣ እናቱ ብትጮህ እጇ አይንቀጠቀጥም። አገሩ የመረጣትም ለዚሁ ነው።

ዛሬም ከቀትር በኋላ የጎረቤቷ የአይናለም የስድስት ወር ልጅ ይጠብቃታል። ሲያስቀምጠው ሦስተኛ ቀኑ ነው። «የራሴን ጥርስ አስነቅዬ ልምጣ፣ ከዚያ አወጣለታለሁ» ብላ ቃል ሰጥታ ነው ከቤት የወጣችው።

ትርሲት ጓንቷን አውልቃ ወደ ምኞት ዞረች። «አንቺስ? ስትስቂ ለምን አፍሽን ትሸፍኛለሽ?»

ምኞት በዚያው እጇን ወደ አፏ ሰደደች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፎቶ ስትነሣ እንኳ ከንፈሯን ገጥማ ነው። ትርሲት አግባብታ ወንበሩ ላይ አስተኛቻትና ራጅ አነሣቻት። ምስሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ወጣ።

«እዚህ ጋ የክራንቻ ጥርስ መኖር ነበረበት፤ የለም። በዚህኛው በኩል አለ፣ ግን ተጣሞ አጥንቱ ውስጥ ተጋድሟል።» ትርሲት በብዕሯ ጫፍ አሳየቻት። «ሕፃን ሳለሽ ግግ ነው ብለው የወተት ጥርስሽን ሲያወጡ ከሥሩ የነበረውን ዋናውን ጥርስም ጎድተውታል። ማን ነው ያወጣልሽ?»

ምኞት ወደ እናቷ አልተመለከተችም።

«አንዲት ሴትዮ ናቸው አሉ» አለች። «ሞተዋል።»

ባየች ጥጡን እንደነከሰች መሞቷን ሰማች። ልትደነግጥ ይገባት ነበር፤ አልደነገጠችም። ትርሲት ስለ ሽቦ፣ ባሕር ዳር ስላለ የጥርስ ማስተካከያ፣ ክፍተቱን ስለሚሞላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታወራለች፤ ምኞት ራሷን ትነቀንቃለች። ባየች ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ጥቁር ባዶ ቦታ ብቻ ታያለች። የዚያ ቦታ ጥርስ መዳፏ ላይ ተቀምጦ ነበር። በወቅቱ ደስ ብሏት እንደነበር ታስታውሳለች።

«ግግ የሚባል በሽታ እኮ የለም» አለች ትርሲት። «ድዱ የሚያብጠው ጥርሱ ሊወጣ ሲል ነው። ሕፃኑን የሚገድለው ተቅማጡ ነው፤ የሰውነቱ ውሃ ሲያልቅ።»

ባየች ጥጡን ከአፏ አወጣችው።

«ሳይወጣለት የሞተስ?» አለች። ምላሷ ስለተሳሰረ እንደገና ማለት ነበረባት። «ግጉ ሳይወጣለት፣ ዘግይቶ የሞተ ልጅስ?»

«እሱም ያው ነው እማማ። ጡቱንም ውሃውንም እየሰጡ ሐኪም ቤት ቢያደርሱት ይተርፋል።»

በለሰለሰ ድምፅ ነው ያለችው። ለማን እንደምትናገር አላወቀችም።

የባየች የመጀመሪያ ልጇ ዘመነ ይባል ነበር። ፎገራ በውሃ በተጥለቀለቀበት ክረምት፣ በስምንት ወሩ አስቀመጠው። አማቷ «ውሃ እንዳታስነኪው፤ ሆዱን ያጥበዋል» አሏት። አላስነካችውም። ከደጅ እስከ አድማስ ውሃ ተኝቶ ልጁ ከንፈሩን ይልስ ነበር፤ ሰው ጣሳ ባነሣ ቁጥር ዓይኑ ጣሳውን ይከተላል። በአራተኛው ቀን ሞተ። ለቀስተኛው ሁሉ «ግጉ በጊዜ ቢወጣለት ኖሮ» አላት፤ ያመነችው ይህንን ነው። የሌላው ሰው ልጅ እንደሷ ልጅ እንዳይሞት ብላ ሙያውን ተማረች። መጀመሪያ ያወጣችው ለምኞት ነበር። ምኞት ኖረች፤ እሷም ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

አሁን ወንበሩ ላይ ሆና ለቅሶ ቢመጣባት ለመያዝ ተዘጋጅታ ጠበቀች። አልመጣም።

በባጃጅ ወደ ቁሐር ሲመለሱ የሩዙ ማሳ በግራና በቀኝ ቢጫ ሆኖ አለፈ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ባየች «ለምን ሞተዋል አልሽ?» አለች።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ። መምህራችን አስተማረን።»

«እና ዝም አልሽኝ።»

«ያን ሁሉ ልጅ አውጥተሽ፣ እማዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ባየች በልጇ ላይ ተቆጥታ እንደሆነ ራሷን መረመረች። ቁጣም የለም። የልጇን እጅ ያዘች፤ እስኪደርሱም አልለቀቀችውም።

አይናለም ቤት ሰው ተሰብስቧል። ባሏ አበረ ከደጃፉ ቆሟል። ጎረቤቶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። አመተ ሥላሴም መጥታለች፤ አምና ባየች ለእሷ የአራት ወር ሴት ልጅ ግግ አውጥታላት፣ በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ተቀብራለች። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እርግብግቢቱ ሰርጉዷል።

«ውሃ ሰጥታችሁታል?» አለች ባየች።

«ኧረ እኛስ አላስነካነውም» አለች አይናለም። «እርስዎ አይደሉ እንዳትሰጡት ያሉን?»

እውነት ነው፣ ብላለች። ከትናንት ወዲያ፣ በዚሁ በር ላይ ቆማ።

«አላወጣለትም» አለች። «ባጃጁ ደጅ ቆሟል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይዘሽው ውጪ። ጡትም ውሃም እየሰጠሽው።»

አይናለም ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ምን በድየዎት ነው? የአገሩን ልጅ ሁሉ ሲያወጡ የእኔ ላይ ሲደርስ! ቂም ካለዎት ይንገሩኝና እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

አበረ ከደጃፉ ወደ ውስጥ ገባ። ሁሉም እሷን ያያሉ። እንዲህ በቀላሉ እንደማያምኗት ገባት፤ እሷም ብትሆን ማንም ቢነግራት አታምንም ነበር።

«ዘመነን ውሃ ከልክዬ ነው የገደልሁት» አለች። ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏት ቃሉ ተንሻፎ ወጣ፤ ቢሆንም ሁሉም ሰሙት። «ግግ አይደለም የገደለው። ግግ የሚባል የለም። የምኞትን ጥርስም ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ባክሽ ልጄ፣ ውጪ።»

ምኞት ከማድጋው በጣሳ ቀድታ ማንኪያ ፈለገች። የመጀመሪያው ውሃ ከአፉ ወጥቶ ፈሰሰ። ሁለተኛውን ሕፃኑ በድዱ ማንኪያውን ነክሶ ዋጠው። አበረ ይህን ሲያይ ሚስቱን በክንዷ ይዞ አስነሣት። ምኞትም ጣሳውን እንደያዘች ተከትላቸው ወጣች፤ ባጃጁ ተነሣ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ባየችን የተሰናበታት የለም። አንዲቱ ብቻ ከግቢው የሚጫወት ልጇን ጠርታ፣ አፉን በሁለት ጣቷ ከፍታ አይታው፣ በጀርባዋ አዝላው ሄደች።

አመተ ሥላሴ አልተነሣችም።

«እማማ ባየች» አለች።

«ወይ።»

«ለእኔ፣ ዘግይተሽ አመጣሻት ብለውኝ ነበር።»

ባየች መደቡ ላይ ቁጭ አለች፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ቀረ።

«ብዬሽ ነበር» አለች። «አልዘገየሽም።»

አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ደጁ ተመለከተች። ከዚያ «እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።