ባለ አምስት ጥይቷ

ባለቤቴ ብርቅነሽ ትሙት፣ ይህ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። እሑድ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ታፈሰ ቤት ተጋብዘን ምሳ በልተን ያወራሁትም ይኸንኑ ነው።

ከኤርፖርት በታክሲዬ የጫንኳቸው ሦስት ግዙፍ ሰዎች ቢላ ካወጡብኝ ወዲህ፣ ሁለት ሳምንት መኪናዬን አላስነሳሁም። ፈርቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ሶ፣ ከብርቅነሽ ጋር ኧርቪንግ ከተማ ወዳለ መሣሪያ መሸጫ ሄድን። ሻጩ ልብስ ሥር የሚደበቁ ሠላሳ ሰባት ትንንሽ ሽጉጦች ደረደረልኝ።

«ትንሿ ለመያዝ ትቀላለች፤ ስትተኮስ ግን እጅ ትመታለች። ቃታዋም ከባድ ነው» አለኝ።

«እኔ የለመድኩት ፍየል የሚያህል መሣሪያ ነው» አልኩት። ሠላሳ ሰባቱንም መሸጫው ጓሮ ባለው ዒላማ ላይ ሞከርኩ። በአምስት ጥይት አንድ ቀዳዳ ብቻ ስበሳ ሻጩ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። ባለ አምስት ጥይቷን ገዛሁ፤ ሰኞ ታጥቄ ሥራ እገባለሁ።

«እስቲ አሳየን» አለ ታፈሰ። «የታጠቀ ወንድ ደብቆ ምን ይሠራል?»

«ከታየችማ ምኑን ተደበቀች?» አልኩት። የተጋበዙት ሁሉ ሳቁ።

ብርቅነሽ ሳህን እያነሳች ነበር።

«እሱ ምንም አልገዛም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጫነውም አንድ ሰው ነው። ሻጩ ጥይት የሌላትን ሽጉጥ ሲሰጠው ቃታዋን በሁለት እጁም መሳብ አቃተው። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ‹ብርቄ፣ ከእንግዲህ ሰው መጫን እፈራለሁ› አለኝ።»