የታችኛው ሰፈር እሺ

ከድልድዩ ወዲህ ያሉ ነጋዴዎች እምቢ ማለት አያውቁም። አንድ ነገር ካልፈለጉ «እሺ» ይላሉ፤ በንግድ ምክር ቤታቸው ስብሰባ ቀን ግን ሱቃቸውን ከፍተው ይውላሉ። ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል፣ ሊቀመንበሩ ከባዶ ወንበሮች ጋር ተፋጦ አርፍዶ ይመለሳል፣ ጉዳዩም እዚያው ይሞታል። ሊቀመንበሩ ቀለም ነጋዴ ነው። የሱቅ መዝጊያ ሁሉ አረንጓዴ ይቀባ ያለው ሐሳብ የሞተው እንዲህ ነው። የጋራ ዘበኛ ይቀጠር የተባለውም፣ ዕቃ እግረኛ መንገድ ላይ አይዘርጋ የተባለውም በዚሁ ሁኔታ ተቀበሩ። ማንም ከማንም አልተጣላም፣ ፊትም አልተጠቋቆረም።

ስለዚህ የታችኛውና የላይኛው ሰፈር የንግድ ምክር ቤቶች ይዋሃዱ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ መንገዱ ሁሉ እሺ አለ። ልብስ ሰፊዋም እሺ አለች። እሷን የጠየቀቻት ግን የገዛ ልጇ ነበረች።

ልጅቷ የታችኛው ምክር ቤት ጸሐፊ ናት። ጽሕፈት ቤቱ ከቀለም ሱቁ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ እንዳይንገዳገድ ከእግሩ ሥር ካርቶን የታጠፈለት ቁም ሳጥን። ክረምት ከበጋ የቀለም ሽታ አይለያትም። የላይኛው ምክር ቤትም የራሱ ጸሐፊ አለው። ሰፊዋ ውህደት የሚለውን ቃል ስትሰማ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ ወንበር። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ጆሮዋ አልገባም።

ዱሮም እንዲህ ናት። ልጅቷ ስታስነጥስ የሳንባ ምች ይታያታል፤ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር የመኪና አደጋ። ፊት ለፊቷ ብረታ ብረት የሚሸጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» የሚለው ጎረቤቷ፣ «እትዬ ደመና» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

«ዛሬስ ምን ሊዘንብ ነው፣ እትዬ ደመና?»

«ሳቅ አንተ፤ ልጅ የለህ።»

ልጅቷ ግን ውህደቱን ከልቧ ትፈልገው ነበር። ከሥራ ስትወጣ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለች፤ ከፍራሽ ነጋዴው ወደ ጫማ ሻጩ፣ ከጫማ ሻጩ ወደ መነጽር ቤቱ። የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ክረምቱን ሙሉ ሱቃቸው ውስጥ ጎርፍ ሲገባ ለማዘጋጃ ቤት ስንቴ እንደጻፈች፣ ማንም እንዳልመለሰላት ታስታውሳቸዋለች። ከላይኞቹ ጋር ሆነን ብንጮህ ይሰሙናል ትላለች። ሁሉም ወንበር ይስቡላታል፣ ያዳምጧታል፣ እውነትሽን ነው ይሏታል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናቷ ሱቅ ገብታ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ የሁለታችንም ጸሐፊዎች ሥራ እንዲቀጥል የሚል አንቀጽ አለ። ሊቀመንበሩ ጉባኤው ላይ ያቀርበዋል። ግን ከእኛ ሰፈር አባላት የሚደግፈው ሰው ያስፈልጋል።»

«ውህደቱ ከቀረ አንቀጹ ምን ይሠራል?»

«አይቀርማ። በዚህ ጊዜ የሚቆጠረው የሁለቱም ቤት አባል በአንድ ላይ ነው። የእኛ ሰው ቀርቶ እነሱ ብቻ ቢመጡም ጉባኤው ይሟላል። ይሄን ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«እሺ አሉኝ።» ልጅቷ ሳቀች፤ ቶሎም ሳቋን ተወችው። «እማ፣ አንቺ የእነሱን እሺ እንዳትይኝ። ነይና እጅሽን አውጪ። ሌላ አልለምንሽም።»

ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እሺ» አለች።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግራ ብሎን ዘንድ ሄደች። ሚስማር እየመዘነ ነበር።

«ያለ እኛ ይወስናሉ ትላለች። እውነት ይሆን?»

«ግማሽ አዳራሽ ባዶ ሆኖ ማን ይወስናል፣ እትዬ? እሷ ወረቀት ላይ ያለውን ነው የምታወራው። እኛ ይሄን መንገድ እናውቀዋለን። የታለ አረንጓዴው ቀለም?»

«ከሄድን ቁጥሩን ሞላንላቸው ማለት ነዋ።»

«ታዲያስ። ልጅሽን ማዳን ከፈለግሽ ከስፌት መኪናሽ ላይ እንዳትነሺ።»

«አንተም እንዳትሄድ።»

«እኔ መቼ ሄጄ አውቅና።»

ሁልጊዜ ክፉ ክፉው የሚታያት ሴት ያን ቀን ቀለል አላት። ስትመለስ ጫማ ሻጩን «ተው፣ ምን ያደርግልሃል» አለችው። እሱም «ማን ይሄዳል ብለሽ ነው» አላት። ለሌሎቹ መንገር አላስፈለጋትም።

የጉባኤው ቀን ጠዋት ልጅቷ እናቷ የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በሱቁ በር አለፈች።

«ቀድሜ ልሂድ። ትመጫለሽ አይደል?»

«ይቺን እጅጌ ልጨርስና።»

ረፋዱ ላይ መንገዱ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሁሉም በር ተከፍቷል፣ ሁሉም ነጋዴ በሱቁ ደጃፍ ቆሟል፣ ብሎን ከወዲያ ማዶ እጁን እያወናጨፈ ሰላም ይላታል። ሰፊዋ ያንኑ እጅጌ ደጋግማ ፈታ ሰፋችው።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሊቀመንበሩ ብቻውን ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። ወደ ሱቁ አልገባም፤ ሰፊዋ በር ላይ ቆመ።

«ጸደቀ» አላት።

«ምኑ?»

«ውህደቱ ነዋ። እነሱ አዳራሹን ሞልተውት ጠበቁን። ጉባኤው ተሟላ።»

የስፌት መኪናው ላይ የነበረ እግሯ ቀጥ አለ። «ልጄስ?»

«አንቀጹን አቀረብኩ። ደጋፊ ካለ ሲባል ዞር ብዬ ባይ፣ በእኛ በኩል ያለችው ልጅሽ ብቻ ናት። ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። እሷ ሠራተኛ እንጂ አባል አይደለችም፤ እጇ አይቆጠርም።»

«ላይኞቹ ተቃወሙ?»

«ማንም አልተቃወመም። ለገዛ ሠራተኛቸው ከእነሱ ወገን አንድ ደጋፊ ከጠፋ እኛ ምን ቤት ነን አሉ። ምን ይበሉ? አንቀጹ ደጋፊ ስላጣ ውድቅ ሆነ። እሱንም ልጅሽ ናት የጻፈችው።» ወደ ድልድዩ ዞር ብሎ አየ። «በሩን ስታይ ነው የዋለችው፣ እትዬ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች።»

ሰፊዋ እጅጌውን ከመርፌው ሥር አወጣችው። የፈራችው ነገር ሁሉ ደርሶ ነበር፤ እሷ ግን ሲመጣ የጠበቀችው በሌላ በኩል ነው።

ልጅቷ ማምሻውን ቤት ገባች። ቀሚሱን አውልቃ፣ አጥፋ፣ አልጋው ላይ አኖረችው። ምግብ ቀረበላት፤ በላች። እናትየው ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየች።

«እኔ እንዲቀር ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ብሎን ነው ደግሞ…»

«ጋሽ ብሎን እናቴ አይደለም።»

ብትጮህባት ሰፊዋ ትችለው ነበር። ልጅቷ ግን ሳህኗን አጥባ በቦታው መለሰች፣ ደህና እደሪ ብላም ወደ አልጋዋ ሄደች።

ወሩ ሳያልቅ ኮምፒውተሩ ድልድዩን ተሻገረ። ቁም ሳጥኑን የፈለገው ስላልነበረ እዚያው ቀረ። ልጅቷ ከከተማው ወዲያ ጫፍ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘች፤ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ትመዘግባለች። ለሥራው ይቀርበኛል ብላ እዚያው አጠገብ ክፍል ተከራየች። ልብሷን ስትጭን ሰማያዊውን ቀሚስ አልጋው ላይ ተወችው።

«ለሱም ቦታ አለሽ እኮ» አለች እናቷ።

«ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ።»

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሰፊዋ የበሩን ሳንቃ ይዛ ቆመች። እዚያ ሰፈር ሌባ ይኖር ይሆን፣ የበሩ ቁልፍ ይጠብቅ ይሆን፣ ማታ ስትገባ ማን ያያታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አፏ ላይ መጣ። ሁሉንም ውጣ ሌላ ጠየቀች።

«እሁድ ምሳ ትመጫለሽ?»

ልጅቷ የመኪናውን በር ከፍታ ዞር አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ለስላሳ፣ ጨዋ ፊት ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ለሊቀመንበሩ የሚያሳየው ፊት።

«እሺ፣ እማ» አለች።

መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ብሎን ከወዲያ ማዶ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«እሁድ ትመጣለች አይደል?» አላት።

«እሺ ብላለች» አለችው።

ብሎን ጎንበስ ብሎ አንዴ የጠረገውን ደጃፍ እንደገና መጥረግ ጀመረ።